የቪትዝ ካሊፐር ግቢ ውስጥ መቀባት ይቻላል? ክሩ ከነመልሶቹ

ክሩ አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተነሳ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች ናቸው። ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጠያቂው ቪትዝ ይነዳል። በቅርቡ የድሮውን የብረት ቸርኬ አውጥቶ ሰፋፊ ክፍተት ያለው የአሉሚኒየም ቸርኬ አስገብቷል። መኪናው አማረ። ግን አሁን በክፍተቱ በኩል የፊት ፍሬኑ ካሊፐር፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹን ይዞ ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጫናቸው ክፍል፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዝጎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ የሸራ ዱቄት ለብሶ። ቀይ ሊቀባው ፈለገ። ጋራዥ አይሄድም፤ ቅዳሜና እሁድ ግቢው ውስጥ ራሱ ሊሠራው ነው። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ከመርካቶ የሚገዛ ተራ ስፕሬይ ይሆናል ወይ? ካሊፐሩ የግድ መፈታት አለበት? ቀለሙስ ሙቀት ሲመታው አይላጥም? በትሕትና ነው የጠየቀው፤ የሞከራችሁ ወንድሞችና እህቶች ልምዳችሁን አካፍሉኝ ብሎ።

ክሩን መተረክ የፈለግኩት ስለ ቀለም ተብሎ የተጀመረው ወሬ ስለ ፍሬን ብዙ የሚጠቅም ነገር ስላወጣ ነው። ፍሬን ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ሐሳቡን ካደነቀለት በኋላ ተራ ስፕሬይ እንዳይነካ መከረው። ተራው ቀለም ለበርና ለአጥር የተሠራ ነው። ፍሬን ሲሞቅ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እየተቀረፈ ይወድቃል። ለካሊፐር ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ቀለም አለ። ስንት ዲግሪ እንደሚችል ጣሳው ላይ በቁጥር ይጻፋል። ቁጥር ያልተጻፈበትን እንዳይገዛ አስጠነቀቀው።

መልስ 2 አንድ መስመር ብቻ ነው። በቀለሙ ብር ሸራ ቀይርበት ይላል። ሰላምታ እንኳ የለውም።

መልስ 3 ግን ረጅም ነው፤ ክሩን ማንበብ ያለበት ሰው ቢያንስ ይህንን ያንብብ እላለሁ። የጻፈው ሰው መካኒክ ነው። የጀመረውም ከቀለም ሳይሆን መኪናውን ከማንሳት ነው። የጎማው ቡሎኖች ጎማው መሬት እንደነካ ይላላሉ፤ ከተነሳ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል። ለኋላ ጎማዎች ታኮ ይገባል፤ የእጅ ፍሬን ይሳባል። በክሪክ ከተነሳ በኋላ ከሥሩ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይገባል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅ እንዳይገባ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጽፏል።

ቀጥሎ መፈታት አለበት ወይስ የለበትም ወደሚለው መጣ። ሙሉ በሙሉ አውጥቶ መቀባት ያምራል፤ ግን የፍሬን ዘይት መስመሩ ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ በኋላ አየሩን ማስወጣት የግድ ይሆናል። ያንን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ አይጀምረው ብሏል። እሱ የሚመክረው መካከለኛውን መንገድ ነው። የዘይት ጎማው (የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ) ሳይነካ ካሊፐሩን የያዙት ቡሎኖች ይፈታሉ፣ ካሊፐሩ ይነሳል፣ ከዚያ በሽቦ ሞላው ላይ ይታሰራል። በራሱ የዘይት ጎማ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ጎማው ውስጡ ይጎዳል፣ ጉዳቱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ካሊፐሩ ተነስቶ እያለ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ፤ ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን ተገፍቶ ይወጣል። ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ የመኪናው በር ይቆለፍ ብሎ ጨምሯል።

ጽዳቱ ላይ ብዙ ቆየ። በሽቦ ብሩሽ ዝገቱ እስኪለቅ ይፈገፈጋል፤ ጥጋጥጉ ደግሞ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። በብርጭቆ ወረቀት ይሻካራል። ከዚያ በፍሬን ማጽጃ ቅባቱ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አይነካም፣ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ቀለም አይዝም። ቀጥሎ መሸፈን ነው። ፒስቶኑና አቧራ የሚከላከልለት ጎሚኒ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች፣ የአየር ማውጫዋ ትንሿ ቡሎን፣ የዘይት ጎማው፣ ዲስኩ፣ ሁሉም በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። በተለይ የሸራው ጆሮዎች ገብተው የሚንሸራተቱባቸው ቦዮች። እዚያ ውስጥ ቀለም ከገባ ሸራው ይጣበቃል፤ ፍሬን ይረገጣል፣ ግን አይለቅም።

ቀለሙን በተመለከተ በቡሩሽ የሚቀባውን ይመርጣል። ግቢ ውስጥ ንፋስ አለ፤ ስፕሬይ ዲስኩም መኪናውም ላይ ይበተናል። ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን አለመጨመር። ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ ጣሳው ላይ ያለውን መከተል ነው። ሲያልቅ፣ ከግቢ ከመውጣት በፊት ሞተር አስነስቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከሆነ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ባዶ ርግጫ አስፋልት ላይ መገኘት የለበትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ስህተት ነበረው። ዱቄቱን በኮምፕረሰር ንፉት ብሏል።

መልስ 4 ያንን ይዞ መጣ፤ በአክብሮት፣ ግን በጥብቅ። የፍሬን ዱቄት አይነፋም። ለረጅም ዘመን የፍሬን ሸራ በአስቤስቶስ ይሠራ ነበር፤ አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል። አሜሪካ እንኳ የመጨረሻውን እገዳ ያወጣችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ገበያው ላይ ያለ ርካሽ ሸራ ከምን እንደተሠራ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ዱቄቱ በውሃ ይርጠብ፣ በጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁ ይጣል፣ አፍንጫ ይሸፈን። መካኒኩ በመልስ 5 አመስግኖ ተቀበለ፤ ጋራዡ ውስጥ የሚሠሩት ልጆችም ከዛሬ ጀምሮ ያቆማሉ ብሎ ጻፈ። በመድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል።

መልስ 6 እዚያው ላይ ጨመረበት። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የነካው ብረት አጠገብ ብየዳ እንዳይሠራ። ፈሳሹ በኃይለኛ ሙቀት ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የጨረሰው ጋዝ ነው።

መልስ 7 ከሜሪላንድ ነው። እዚያ የክረምት በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ካሊፐርን በአንድ ክረምት ያዝገዋል። እሱ የሚቀባው ለማማር ሳይሆን ዝገት ለመከላከል ነው። የተጠቀመው ቪ-ኤች-ቲ የሚባለውን ነው፤ ጣሳው ላይ እስከ 900 ፋራናይት፣ ማለትም 482 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ እንደሚችል ተጽፏል። ለገና ስመጣ ሁለት ጣሳ በሻንጣ ይዤልህ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ባህላችን ነውና ከሥር ብዙ ሰው አመሰገነው።

መልስ 8 ግን አስቆመው። የስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በእጅ ሻንጣም፣ ተጭኖ በሚሄደውም ክልክል ነው። ኤርፖርት ሲገኝ ይወረሳል፤ ባለ ሻንጣውም ይጉላላል። ይህ እኔም ማስመር የምፈልገው ነው። ዘመድ ለዘመድ የሚልከው ነገር ብዙ ነው፣ ይህኛው ግን በአውሮፕላን አይሄድም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሶማሌ ተራ ዞሮ ይፈልግ፤ ጣሳውን አገላብጦ ቁጥሩን ያንብብ።

በመልስ 9 ጠያቂው ተመለሰ። ሁሉንም አመስግኖ የኋላውስ እንዴት ነው አለ። የኋላውን ሲያይ ካሊፐር አልታየውም። መልስ 10 አብዛኛው ቪትዝ ከኋላ ታምቡር፣ ማለትም ሸራው ውስጡ ተከድኖ የሚሠራበት ፍሬን፣ እንደሆነ ነገረው። የታምቡር ውጪም ይቀባል፤ ጥቁር ወይም ብርማ ያምርበታል። አንድ ነገር ግን አለ። ቸርኬው የሚቀመጥበት ገጽ ባዶ ብረት ሆኖ ይቅር። እዚያ ላይ ወፍራም ቀለም ካለ ቡሎኑ ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፤ መኪናው ሲነዳ ቀለሙ እየተጨፈለቀ ይሳሳል፣ ቡሎኑም ይላላል። የቶዮታ ቪትዝ የጎማ ቡሎን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትንሽ ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ አለ።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላማዊ ነበር። መልስ 11 መጣና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወቀሰ። ቀለም ሙቀት ያፍናል፤ የታፈነ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይከዳል፤ እናንተ ለፎቶ ብላችሁ ሰው ልታስፈጁ ነው ይላል። አጎቱ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ፍሬኑ እንደከዳውና መኪናውን ከተራራው ጋር አስጠግቶ እንዳተረፈው ተረከ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሄደ ሰው ያንን መንገድ ያውቀዋል። ታሪኩ ልብ ይነካል። ግን የአጎቱ መኪና ካሊፐር ተቀብቶ ነበር አላለም።

መልስ 12 ምሕንድስና የተማረ ሰው ይመስላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 9.8 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ያ ጉልበት 29 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ሞተሩና አየሩ የሚካፈሉት ይኖራል፤ የቀረው በሙሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። አብዛኛውን የሚቀበለው ዲስኩ ነው፣ የሚያወጣውም እየዞረ በሚስበው አየር ነው። ካሊፐሩ ጋ የሚደርሰው በሸራው በኩል ያለፈው ብቻ ነው። የቀለሙ ውፍረት ደግሞ ከወረቀት ብዙም አይበልጥም። እንዲያውም ያልተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ሙቀትን በጨረር የማውጣት አቅሙ ደካማ ነው፤ ሲቀባ ብዙ እጥፍ ይሻላል። የዛገ ብረት ግን ዱሮም ጥሩ አድርጎ ያወጣል፤ ተቀባ አልተቀባ ለውጥ የለውም። የቪትዙ ካሊፐር ብረት ነው። ስለዚህ ቀለሙ አይጎዳም፣ አይጠቅምም። እኔ በዚህ ነገር ከመልስ 12 ጋር ነኝ። ሒሳቡን ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል።

መልስ 13 ያው የመልስ 11 ሰው ነው፤ ተቆጥቷል። በወረቀት የሚነዳ ሰው ዓባይ በረሃን አይወርድም አለ። ሌላም ነገር ጨምሮ ነበር፤ እሱን አልደግመውም።

ያቀዘቀዘችው መልስ 14 ላይ የመጣች እህት ናት። በሥራዋ ምክንያት ወደ ደብረ ማርቆስ ትመላለሳለች። አጎትህ እግዚአብሔር አተረፋቸው ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ፍሬን ለምን እንደሚከዳ በትዕግሥት አስረዳች። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ አንዱ ነው። ከላይ ጀምሮ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ፣ ፍሬንን ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ነው የሚሻለው። ሁለተኛው ማንም የማያስበው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ አለች። በቀለሙ ጉዳይም የሚጠቅም ነገር ጣል አደረገች፤ ያው ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ ይታጠብ። መልስ 11 ለእሷ አልመለሰላትም፣ ግን ደግሞ አልተሳደበም።

ከዚያ መልስ 15። ጠያቂው ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀምሯል፤ ከነፎቶው መጣ። የግራውን ካሊፐር ሲያነሳ ሁለቱን ሸራዎች ጎን ለጎን መሬት ላይ አስቀምጦ አንስቷቸዋል። የውጪው ገና ወፍራም ነው። የውስጠኛው ብረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሌላኛው ፎቶ የአንዱን ፒን ጎሚኒ ያሳያል፤ ተቀዷል፣ በቀዳዳው ጭቃ ገብቶ ደርቋል። ዝገቱን ልፈግፍግና ልቀጥል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው።

መካኒኩ በመልስ 16 ቶሎ ደረሰለት። ቀለሙን አስቀምጠው አለ። ካሊፐሩ አልተንሸራተተም፤ ፒኑ ነክሷል፣ ማለትም ተጣብቆ ቀርቷል። ለዚህ ነው ውስጠኛው ሸራ ብቻውን ሲሠራ የኖረው። መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን አይጎትትም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠያቂው ይጎትታል፣ የጎማ ንፋስ መስሎኝ ነበር አለ። ፒኑ ወጥቶ ይጸዳል፤ ከተቦረቦረ ይቀየራል። ጎሚኒው ይቀየራል። ሸራ በግራም በቀኝም አንድ ላይ ይቀየራል። ፒኑ ላይ የሚገባው ቅባት ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ነው። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ፒኑን መልሶ ይነክሰዋል። ይህ መልስ ክሩ ውስጥ ካለው ሁሉ በላይ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ቀለም የነካው ሁሉ አዲስ ይመስላል፤ ፒኑ የነከሰው ካሊፐር በዚያው ቀን ቀይ ቢቀባ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

ጠያቂው ሶማሌ ተራ ሲሄድ ክሩ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። መልስ 17 ቀዩ ላይ ነጭ የብሬምቦ ጽሑፍ ቢለጠፍበት ያምራል አለ። መልስ 18 ይህ ማታለል ነው ብሎ ተነሳ። ብሬምቦ በ1961 እ.ኤ.አ. ጣልያን አገር ቤርጋሞ አጠገብ የተመሠረተ ፍሬን ሠሪ ነው፤ ስሙን በሥራው ነው ያገኘው። የሌላ ሰው ስም ለጥፎ መኪና መሸጥ ገዢን መዋሸት ነው። መልስ 19 ደግሞ ስቲከር እንጂ ሰነድ አልሠራሁ፣ ምን አገባህ አለው። ነገሩ እየከረረ ሄዶ የመድረኩ አስተባባሪ በመልስ 20 ሁለት ጽሑፍ አጠፋና ወደ ፍሬኑ ተመለሱ አለ። እኔ የመልስ 18ን ቃና አልወደድኩትም፤ በነገሩ ግን ትክክል ነው። ከካሊፐሩ ላይ የሚለጠፈውን የፕላስቲክ ሽፋን ማንም አላነሳም፤ እሱ ከስቲከርም የባሰ ነው፣ አየሩን ይጋርዳል፣ ከተፈታ ቸርኬ ውስጥ ይገባል።

መልስ 21 ኤሌክትሪክ መኪና አነሳ። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ በዝቷል፤ እነሱ ፍሬናቸው አያልቅም ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው ወይ አለ። መልስ 22 ግማሹ እውነት ነው ብሎ መለሰ። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ሸራው እምብዛም አይሠራም። ሸራ ይቆጥባል። ግን ያልሠራ ዲስክ ይዝጋል፣ ያልተንቀሳቀሰ ፒን ይነክሳል። ለዚህም ነው ፎልክስዋገን አይዲ 4 ከኋላ ታምቡር ይዞ የመጣው፤ ታምቡር ተከድኖ ስለሚኖር ውሃና ዝገት አያገኘውም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያለውም ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ ጎማ አስወልቆ ፒኑን ያሳይ አለ። ከርዕሱ የወጣ ነው፣ ግን ጥሩ ወጣ።

መልስ 23 ጠያቂው ነው። ፒን፣ ጎሚኒ፣ ሸራ ቀይሮ፣ ቀኙንም ፈቶ አይቶ ጨርሷል። መጎተቱ ቀርቷል። ሙቀት የሚችል ቀይ አላገኘም፤ ያገኘው ጥቁር ነው፣ እሱን ቀባው። ፎቶው ላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ አየር ማውጫዋ ቡሎን ሳትቀባ ቀርታለች፣ የሸራው ቦዮች ባዶ ብረት ናቸው፣ ዲስኩ ላይ አንድ ጠብታ የለም። በትዕግሥት እንደተሠራ ያስታውቃል። መልስ 2 ላይ አንዲት መስመር የጻፈው ሰውም ተመልሶ ጎበዝ ብሎታል።

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ 24 ነው። የተረፈውን ቀለም ከሞተሩ በሚወጣው የጭስ መስመር ላይ ልቀባው ወይ ይላል። መካኒኩ በመልስ 25 አይሆንም አለው፤ የጭስ መስመሩ ከካሊፐር እጅግ የበለጠ ይሞቃል፣ ለእሱ ለብቻው የተሠራ ቀለም አለ፣ የእሱም ቁጥር ጣሳው ላይ ነው።